ከሃንዲሶ በስተቀኝ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ማርታ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የአባቷ የሙት ዓመት ቅዳሴ ደርሷል፤ እንደ ልማዳችን ከቅዳሴው በኋላ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ የሚጽፈው ደግሞ እንደ ልማዳችን እኔ ነኝ። «አጎቴ ሉቃስ፣ እባክህ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ባለፈው አስረዝመኸው ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲመታው ዋለ» አለችኝ። ከዚያም ዋና ዋናውን ታስጽፈኝ ጀመር። ደግ አባት፣ አራት ሴት ልጆች ያስተማረ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ አንድ ቀን እንኳ አደጋ ያላደረሰ። «የመጨረሻዋን አድምቀህ ጻፋት፤ ሰው የሚወድለት እሷን ነው» ስትለኝ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። እሷ ምን ታድርግ፤ የምታውቀውን ነው የምትናገረው። እኔ ግን «ያለ አደጋ» የሚለውን ከሃንዲሶ ስም ጋር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አደጋ ማለት መኪና ሲገለበጥ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አንዱን ገጽ ለማርታ ጽፌ ልኬላታለሁ። ይህኛው የራሴ ነው።

ሃንዲሶ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የታላቅ እህቴ የዘነበች ባል ነበር። መንግሥት በተቀየረ ሰሞን፣ ሻይ በስሙኒ በሚጠጣበት፣ ሳልባጅ ኮት የለበሰ ሰው እንደ ሹም በሚታይበት ጊዜ፣ አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ገዛ። መኪናዋ ከእሱ በፊት ስንት ጌታ እንዳየች እግዜር ይወቅ። ከሆሳዕና ተነስቶ ዶዮገና ወጥቶ ድንችና ጎመን ይጭናል፤ ሌላ ቀን አንጋጫና ዱራሜ ይወርዳል፤ ሲቀናው ደግሞ እስከ ሙዱላ ዘልቆ ዝንጅብል ይዞ ይመለሳል። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። ዛሬ አስፋልት ላይ ተንጋለው የሚሄዱት ልጆች ያኔ ዶዮገና ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ እንደነበር ብነግራቸው ያጋነንኩ ይመስላቸዋል። ጋቢናው ውስጥ ቴፕ ነበረችው፤ ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ ያጠነጥነዋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሀዲያ ዘፈን፣ እሁድ መዝሙር። ሸሚዙ ደግሞ ታጥቦም ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ የዝንጅብል ጆንያ ሲፈታ መንገዴን እቀይራለሁ።

የካኪ ካፖርቱ የላይኛው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ማበጠሪያ አለ። ለራሱ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ገና በሠላሳ አምስት ዓመቱ ተመልጧል። እሁድ ጠዋት ዘነበች የመጀመሪያውን ቅዳሴ ስትሄድ አራቱን ሴት ልጆቹን ጎፈር ሜዳ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ በተራ እያስቀመጠ ፀጉራቸውን ይሠራላቸዋል። ሹሩባ የሚሠራ ሹፌር በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ከበረንዳው ፊት ለፊት በጥላ ሥር ሲንጀር የሚረግጠው ልብስ ሰፊ «ሃንዲሶ፣ ለእኔም ወረፋ ያዝልኝ» እያለ ያሾፍበታል። እሱም «ሸራ የሚያስር እጅ ፀጉር አያቅተውም» ይለዋል። ሁለተኛው ቅዳሴ ሲደወል አራቱም ሴቶች ፀጉራቸው ተጎንጉኖ፣ ነጭ ካልሲያቸው ተስቦ፣ በቁመት ቅደም ተከተል ከኋላው ይሄዳሉ። ዛሬ የልብስ ሰፊው ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ያሠራው ነው ይባላል። ፎቁ ያምራል። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን የተጣመመ በረንዳ ነው።

እሱ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ስለዚህ አንድ ነገር ምሎ ነበር። አራቱም ልጆች ኮሌጅ ሳይጨርሱ መሪ አይለቅም። ይህን የሚለው በጨዋታ መሃል ነው፤ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መኪናዋ ቆማ አንድ ወር ብትውል አንዷ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ሌላ ገቢ የላቸውም፤ እንሰቱና ትንሿ የገብስ መሬት ለምግብ እንጂ ለኮሌጅ አትሆንም።

እኔ ደግሞ ያኔ የዓይን ነርስ ነበርኩ። በድሬሰርነት ጀምሬ፣ አዲስ አበባ ስለ ዓይን ተምሬ ተመልሼ፣ አንድ ጠባብ ክፍል ተሰጠኝ። ግድግዳው ላይ ያ የታወቀው ሰሌዳ አለ፤ እንደ ሹካ ባለሦስት ጣት የሆነ ምልክት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየዞረ፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ የተደረደረበት። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቢሆን ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። መንጃ ፈቃድ የሚያሳድስ ሹፌር ሁሉ በእኔ በኩል ማለፍ ነበረበት። ሹፌሮቹ ክፍሌን «ሹካ ቤት» ይሏታል። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገርና ኮርቼ ነበር። ያላየውን አየ ብዬ አልጽፍም፤ የገዛ አጎቴን ልጅ ሳይቀር መልሻለሁ። በመናኸሪያው ሳልፍ ሹፌሮች ቆመው ሰላም ሲሉኝ ይህን አክብሮት ነው ብዬ ነበር የምቆጥረው። ለካ ፍርሃት ነው።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ሹካውን እያሳየኝ ሳለ፣ «ጋሽ ሃንዲሶን ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ልጭን በሄድኩበት ከተማ ለዓይን ምርመራ ተሰልፎ አየሁት። እኔ እኮ ቤተሰብ ስለሆናችሁ አንተ ጋ የሚያሳድስ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ያንን ሰውዬ አልፏል ብዬ ልጻፍለት ወድቋል ብዬ አላስታውስም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ በራሴ ሲደርስ ግን መረረኝ። የአንድ ከተማ ሰው፣ የእህቴ ባል፣ የኔን በር አልፎ ሄዶ የማያውቀው ሰው ፊት ተቀመጠ። ምን ጎደለኝ? ማን እንደነገረው፣ ማን ስሜን እንዳጠፋ አስቤ አስቤ ሳምንት ሰነበትኩ። የሚያሳዝነው፣ አንድ ሹፌር የዓይን ነርስን ሸሽቶ ሌላ ቦታ ሲሄድ ማንም ሰው የሚጠረጥረውን እኔ ለአፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም። ክብሬን እንጂ ዓይኑን አላሰብኩም።

በዚያው ሰሞን ዘነበች ጋቢና ውስጥ መታየት ጀመረች። በሃያ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ከእሱ ጋር ጭነት ሄዳ የማታውቅ ሴት፣ አንድ ቅርጫት ጎመን ጭኗ ላይ አድርጋ ዶዮገና፣ ዱራሜ፣ ሙዱላ ትል ጀመር። ከተማው ዝም ይላል? ሙዱላ ሻይ ቤት ያላት መልከ መልካም ሴት ተፈጠረች፤ ዘነበች ባሏን ለመጠበቅ ነው የምትዞረው ተባለ። እኔ አመንኩ። አንድ ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ ተቆጣኋት።

«ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ይላል?»

«ባሏን እየጠበቀች ነው ይላል። ሙዱላ ሻይ ቤት ያላት ሴት አለች አሉ።»

«አውቃታለሁ። ሻይዋ ውኃ ውኃ ይላል» አለችኝ።

«ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«ጎመን እነግዳለሁ።»

«ጎመንሽን እኮ አየሁት፤ ሦስት ገበያ ዞሮ ጠውልጎ ነው የሚመለሰው።»

«እንግዲህ ገበያ አልቀናኝም፣ ምን ላድርግ» አለችና ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የመለሰችልኝ። ዘነበች ውሸት ስትናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቷን ታዞራለች፤ እናታችን በዚህ ነበር የምትይዛት። እኔ ይህንንም አውቄ ስለ ሴትየዋ ነው የምትዋሸው አልኩ።

ከዚያ መስከረም መጣና ያሆዴ ሆነ። ሀዲያ አገር ያሆዴ ሲደርስ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት የሚገባ ሰው የለም። እናታችን ቤት ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቧል፤ ሥጋው ታርዷል፤ ከቡላ የሚሠራው አተካና ቅቤው ላዩ ላይ ቀልጦ በትልቁ ዕቃ ቀርቧል። እኔም በሌላ ከተማ ያወጣውን የምርመራ ወረቀትም ወሬውንም ልተው ወስኜ ነበር የሄድኩት። ሃንዲሶ ያንን የክት ጥቁር ኮቱን ለብሶ ገባ፤ ከበሩ ጀምሮ እየጨበጠ መጣ። እኔ በእሱ በስተቀኝ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ ነበር። ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። ፊቱን እንኳ ሳያዞር አለፈኝና ከፊት ለፊቱ ያለውን የጎረቤት ሽማግሌ ሁለት እጁን ይዞ ሳመው። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁሉም አየ። እናቴ አየች። አንዲት የአጎቴ ሚስት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ያን ቀን አጥሬ የተነቀነቀ ብቻ ሳይሆን የተነቀለ መሰለኝ። አተካናውን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ሽማግሌዎች ገቡበት። ሦስት ሰዎች፤ አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት የሚያስተምረው ካቴኪስት፣ ሁለቱ ከሌሞ ወረዳ የመጡ ገበሬዎች። አስቀመጡን። እኔ በደሌን ዘረዘርኩ፤ የተዘረጋ እጅ በያሆዴ ቀን፣ በእናቴ ቤት። ሃንዲሶ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበለኝ።»

«ለምን እንዳደረገው ይናገር» አልኩ።

ካቴኪስቱ በጣቱ ዝም አሰኘኝ። «ልጄ፣ ሰው ጥፋቱን ካመነ ምክንያት አይጠየቅም። ምክንያት ሁለተኛ ጠብ ነው» አለኝ።

ደንባችን ይህ ነው። ጥሩ ደንብ ነው፤ ስንት ቤት አድኗል። እኛን ግን ያጠፋን ይኸው ደንብ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው «ለምን?» ብሎ አጥብቆ ቢጠይቀው ኖሮ ምናልባት ይናገር ነበር። ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ ከአፌ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ በወረቀት እየሠራሁ ሞኙንም ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ እህቴ ቤት ምግብ አልበላሁም። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲመረቁ ስጦታ በሰው እልካለሁ እንጂ ደግሳ ስትጠራኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ኤንትሬዋ በክሊኒኩ ፊት ስታልፍ በመስኮት አያታለሁ። ዘነበች ከሃንዲሶ በስተቀኝ ተቀምጣ ከንፈሯ ሳይቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ጭቅጭቅ መሰለኝ። ይበለው፣ እንኳን ጨቀጨቀችው አልኩ በልቤ።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሻዩ ከስሙኒ ወደ ብር ተጠጋ፣ ካሴቱ ቀርቶ ሲዲ መጣ፣ ጋሪዎቹን ባጃጅ ከመሃል ከተማ አባረራቸው። አራተኛዋ ልጅ፣ ትንሿ፣ ከመምህራን ኮሌጅ በተመረቀች በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሃንዲሶ ነበር፤ በዚያው በጥቁር ኮቱ። ዘነበች ክንዱን ይዛዋለች። ወንበሩ ላይ ስታስቀምጠው እጁ መደገፊያውን ፈልጎ ነው ያገኘው። ያኔ ገባኝ። የተማርኩት ሁሉ፣ ለስንት ሰው የተናገርኩት ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ላይ ወረደ።

«ዛሬ አንተ መርምረኝ» አለኝ። «የምታየውን ጻፍ።»

የቀኝ ዓይኑን ለብቻ ስሞክረው የመስኮቱን ብርሃን እንኳ አልለየም። በግራው ትልቁን ሹካ ብቻ አየ፤ እሱንም አንገቱን እያዞረ ፈልጎ። እጄን ከቀኙ በኩል ቀስ አድርጌ ወደ ፊቱ አመጣሁ፤ አፍንጫው ጋ እስክደርስ አላየኝም። እንደ ያሆዴው ቀን እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚያ ወረቀት በፊት ጀምሮ።» ፈገግ አለ። «ሰውዬው ወረፋ በዝቶበት ቀና ብሎም አላየኝ። አንዱን ዓይን ሸፍን ሲለኝ ቀኙን በግራ እጄ ሸፈንኩ። አሁን ሌላውን ሲለኝ ያንኑ ቀኙን በቀኝ እጄ ሸፈንኩ። አንተ ብትሆን ትይዘኝ ነበር።»

የቀረውን ዘነበች ጨረሰችው። ስድስት ዓመት ሙሉ በስተቀኙ ተቀምጣ ስትለፈልፍ የነበረው ለካ መንገዱን ነው። ጋሪ መጣ፣ ልጆች ናቸው፣ በግ ነው፣ ጠርዙ ቀረበህ፣ አሁን እለፍ። ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት የዶዮገና ልጆች፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚወርዱት የሌሞ ጋሪዎች፣ ሁሉም በእህቴ ምላስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ጮህኩባቸው። ሰው ብትገድሉስ አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ዛሬም ለዚህ ይቅርታ አላደርግላቸውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት እህቴን።

«እሱ ነው የከለከለኝ» አለች። «ሉቃስ ቢጽፍልን ዋሽቶ ነው፤ በእኛ የተነሳ ኃጢአት ይገባል፣ እንጀራውንም ያጣል። ባይጽፍልን ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፤ እሱም የእህቱን ልጆች አስቀረ ተብሎ ይኖራል። ከሁለቱም ባይሰማ ይሻለዋል አለኝ።»

«የያሆዴውስ?»

ሃንዲሶ ወደ ድምፄ ዞረ። «እጅህን መዘርጋትህን የሰማሁት ሽማግሌዎቹ ፊት ስትናገር ነው» አለኝ። «አላየሁትም ብል ቀጥሎ ለምን ትለኝ ነበር።»

ሰሌዳውን የምጠቁምበትን ዘንግ አስቀምጬ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ይህ በሽታ ግላኮማ ይባላል። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ቀስ በቀስ ነርቩን ይበላዋል። የበላውን ማንም አይመልሰውም፤ የቀረውን ግን ጠብታ ያቆየዋል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ፣ ዕድሜ ልክ። ያኔ ከስድስት ዓመት በፊት የግራ ዓይኑ ደህና ነበር። ይህን ነገርኳቸው። ዘነበች አልገባትም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሲገባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ሃንዲሶ እጁን ዘርግቶ የዘነበችን ትከሻ ፈልጎ ያዘ። «ያኔ ብመጣ ወረቀቱን ትጽፍልኝ ነበር?» አለኝ።

መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም። «አልጽፍልህም ነበር።»

«እሱን አውቄ ነው የቀረሁት።»

«ግን ዓይንህ ይተርፍ ነበር፣ ጋሼ። መድኃኒት አለው።»

«እሱን ግን ማን ነገረኝ?» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም። የእውነት ነው የጠየቀኝ። መልሱን አሁንም ሌሊትና ቀን አኝከዋለሁ። በእነዚያ ዓመታት ለሌሞ ገበሬዎች ጋሪ ላይ ቆሜ በድምፅ ማጉያ ነግሬያለሁ። ዶዮገና ድንች ገበያ መሃል፣ ዱራሜ መናኸሪያ በር ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአማርኛም በሀዲይኛም፣ ዓይናችሁን በጊዜ አስመርምሩ፣ ጠብታ አለው፣ አትፍሩ እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። እህቴ ቤት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ገብቼ አልተቀመጥኩም።